«ብረት ከአፈር ይጠነክራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ በሚንሸራተት መሬት ውስጥ ስለተቀበረ የጋዝና የነዳጅ ቧንቧ

ከኦጋዴን ወደ ጅቡቲ እና ከጅቡቲ ወደ አዋሽ ሊዘረጉ ታስበው ስለነበሩ የጋዝና የነዳጅ ቧንቧዎች የሚያወሳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ለንባብ በቅቷል። ጽሑፉ የመሬት መንሸራተትና መሰንጠቅ ለተቀበረ የብረት ቧንቧ «የተጋነነ ስጋት» ነው ብሎ ይደመድማል። የጸሐፊው መከራከሪያዎች በብዙ ቦታ ስለሚደገሙ አንድ በአንድ መመለሱ ይጠቅማል። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ልክ ናቸው። በጥሩ ብየዳ የተያያዘ የብረት ቧንቧ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ሲያልፍበት ከአፈሩ ጋር ተወዛውዞ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት አይደርስበትም። ችግሩ ያለው መሬቱ ሄዶ በማይመለስበት ቦታ ነው፦ ተዳፋት ሲንሸራተት፣ የመሬት ስንጥቅ (ፎልት) ግራና ቀኙን ሲያፈናቅል፣ ውሃ የጠጣ አሸዋ እንደ ፈሳሽ ሲሆን፣ ወንዝ ዳርቻውን ሲበላ። ጽሑፉ መወዛወዝንና መሄድን አይለይም፤ ቀጥለው የምናያቸው ስህተቶችም በአመዛኙ ከዚህ የመጡ ናቸው።

«ቧንቧው ከሥራ ግፊቱ ከ1.25 እስከ 1.5 እጥፍ በሆነ የውሃ ግፊት ተፈትኖ ነው የሚቀበረው። ይህን ያለፈ ብረት አፈር አይሰብረውም።»

የውሃ ፍተሻው ቧንቧውን የሚፈትነው በዙሪያው ነው። የውስጥ ግፊት ቧንቧን እንዲፈነዳ የሚገፋው ወደ ጎን ስለሆነ ትልቁ ጫና በዙሪያው ይሄዳል። መሬት ሲንሸራተት ግን ቧንቧውን የሚስበው፣ የሚገፋው ወይም የሚያጎብጠው በርዝመቱ ነው። በዚያ አቅጣጫ የውሃ ፍተሻው የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው።

በቁጥር እንየው። የውጭ ዲያሜትሩ 610 ሚሊ ሜትር (በተለምዶ 24 ኢንች የሚባለው)፣ የግድግዳው ውፍረት 9.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ እንውሰድ። ብረቱ ኤክስ 60 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ከሆነ እስከ 414 ሜጋ ፓስካል ድረስ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ አይመለስም። 70 ባር ጋዝ ሲሞላ በዙሪያው የሚፈጠረው ጫና 225 ሜጋ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም የአቅሙ 54 በመቶ ነው። በ1.5 እጥፍ ሲፈተን 81 በመቶ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው የሚሉት ያስኬዳል።

አሁን ይኸው ቧንቧ የመቆረጥ ጥንካሬው 50 ኪሎ ፓስካል በሆነ ሸክላማ አፈር ውስጥ፣ በተዳፋት ላይ ከላይ ወደ ታች ተቀብሯል እንበል። አሜሪካን ላይፍላይንስ አሊያንስ የተባለው ድርጅት በ2001 ስለ ተቀበሩ የብረት ቧንቧዎች ንድፍ ባወጣው መመሪያ ቀመር ሲሰላ፣ አፈሩ በእያንዳንዱ ሜትር ቧንቧ ላይ እስከ 90 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 9 ቶን ገደማ፣ ይዞ መጎተት ይችላል። የቧንቧው ብረት በሙሉ ተለጥጦ ወደማይመለስበት ደረጃ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ጉልበት 7,400 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። የሚንሸራተት አፈር ቧንቧውን ከአናቱ ላይ ይስበዋል፣ ከግርጌው ላይ ያምቀዋል፤ ጉልበቱም ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። ስለዚህ 165 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ተንሸራታች አፈር ይበቃል ማለት ነው። ይህ ስሌት በውስጥ ግፊትና በሙቀት ለውጥ ምክንያት ቀድሞ ያለውን ጫና እንኳ አላካተተም። በተራራማ አገር 165 ሜትር ትልቅ ናዳ አይባልም።

አፈሩ የሚሄድበት ፍጥነትም ብዙ ለውጥ አያመጣም። በዓመት ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሳብ ተዳፋት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቧንቧውን እዚያው ነጥብ ላይ ያደርሰዋል። ልዩነቱ የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው።

«ጥርጣሬ ካለ ወፈር ያለ ቧንቧ መግጠምና ጠለቅ አድርጎ መቅበር ይበቃል።»

ውፍረት ይረዳል፣ ግን በልክ። ከላይ ያለውን ቧንቧ ከ9.5 ወደ 12.7 ሚሊ ሜትር ብናወፍረው ብረቱ በሲሶ ይጨምራል፤ የሚቋቋመው የናዳ ርዝመትም ከ165 ወደ 220 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ናዳው 300 ሜትር ከሆነ ያው ነው። ወፍራሙ ቧንቧ ከቀጭኑ ጋር የሚገናኝበት ብየዳም በናዳው ጠርዝ ላይ ከወደቀ፣ የመለጠጡ ሁሉ ማረፊያ እርሱ ይሆናል። ወፍራሙ ክፍል ከናዳው ወሰን አልፎ ወደ ጽኑው መሬት በደንብ መግባት አለበት።

ጥልቀት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። በአሸዋ ውስጥ አፈር ቧንቧን የሚይዝበት ጉልበት ከጥልቀቱ ጋር እኩል ያድጋል። ያንኑ ባለ 610 ሚሊ ሜትር ቧንቧ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው አሸዋ ውስጥ እስከ መሐል መስመሩ 1.2 ሜትር ብንቀብረው በሜትር 12 ኪሎ ኒውተን ያህል ይያዛል፤ 2.4 ሜትር ብናደርገው 24 ይሆናል። ጥልቀት የሚያድነው ቧንቧው ከመንሸራተቻው ገጽ በታች፣ ወደማይንቀሳቀሰው መሬት ሲወርድ ብቻ ነው፤ ይህም በአግድም ቁፋሮ ይሠራል። የመንሸራተቻው ገጽ የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ኢንክሊኖሜትር (መሬቱ በየጥልቀቱ ምን ያህል እንደሄደ የሚለካ መሣሪያ) ተክሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት መከታተል ያስፈልጋል። ሳይለኩ ጠለቅ ማድረግ ቧንቧውን ከተንሸራታቹ አፈር ሳያወጡት ይበልጥ በእጁ ማስጨበጥ ነው።

ቧንቧ ስንጥቅን ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ተዳፋትን ማቋረጡ ግድ ከሆነ የሚሠራው ጽሑፉ ከሚመክረው ተቃራኒ ነው። ቦዩ ሰፊ ሆኖ ግድግዳዎቹ ጋደል ብለው ይቆፈራሉ፤ ቧንቧው ወደ ጎን ሲገፋ አፈሩን እየገለበጠ እንዲወጣ ነው። የመሙያው አፈር ንጹሕ አሸዋ ወይም ድቡልቡል ጠጠር ይሆናል፤ በቧንቧው ላይ የሚኖረው አፈር ከ0.9 ሜትር ብዙ አይበልጥም። አይጠቀጠቅም። ይህ በሥራ ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም መንገድ መሥራት የለመደ ሠራተኛ ሳይታዘዝም በኮምፓክተር ይጠቀጥቀዋል። ሽፋኑም ለስላሳ ይመረጣል፦ በዚያው አሸዋ ውስጥ በሬንጅ የተሸፈነ ቧንቧ ኢፖክሲ ከተቀባው 1.6 እጥፍ ያህል ይያዛል። ስንጥቁ ካለበት ግራና ቀኝ ባለው ረጅም ርቀት ላይ ጎሚቶ (መታጠፊያ)፣ ቲ (የሦስት አቅጣጫ መገናኛ)፣ ቫልቭም ሆነ የኮንክሪት ማሰሪያ አይኖርም፤ መለጠጡ በረጅም ቀጥ ያለ ቧንቧ ላይ መከፋፈል አለበትና። የማቋረጫው ማዕዘንም ስንጥቁ ሲንቀሳቀስ ቧንቧው እንዲሳብ እንጂ እንዲታመቅ በማያደርግ አቅጣጫ ይመረጣል። ብረት ሲሳብ ብዙ ይታገሳል፣ ሲታመቅ ቶሎ ይጨማደዳል።

በ1999 በቱርክ በደረሰው የኮጃኤሊ የመሬት መንቀጥቀጥ ኩላር በተባለ ቦታ አጠገብ የሆነው ይኸው ነው። ዲያሜትሩ 2.2 ሜትር የሆነ የብረት የውሃ ቧንቧ በ3 ሜትር ገደማ የተፈናቀለ ስንጥቅ ላይ አለፈ፤ ማዕዘኑ መታመቅን የሚያመጣ ስለነበር ተጨማድዶ አፈሰሰ። ውሃ ስለነበር ጉዳቱ በዚያ ተወሰነ።

ልቅ አሸዋ የሞላው ቦይ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ በተዳፋት ላይ የውሃ መውረጃ ይሆናል። በየርቀቱ የአሸዋ ከረጢት ግድብ እየሠሩ ውሃውን በማፍሰሻ ወደ ውጭ ካላወጡት፣ ዝናቡን ሰብስቦ ወደ ናዳው ሆድ ይከተዋል።

«የሚሰበሩት ያረጁና የዛጉ መስመሮች ናቸው። አዲስ መስመር አያሰጋም።»

ጽሑፉ ለዚህ ማስረጃ አላቀረበም። የሚያፈርሱት ማስረጃዎች ግን በርካታ ናቸው። በ2018 ሰኔ በዌስት ቨርጂኒያ የፈነዳው ባለ 36 ኢንች የሊች ኤክስፕረስ መስመር ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ጥር ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም 10 በፔንሲልቬኒያ ቢቨር ካውንቲ አንድ ቤት ያቃጠለው ባለ 24 ኢንች የሬቮሉሽን መስመር ጋዝ መሸከም ከጀመረ አንድ ሳምንት ገደማው ነበር። ሁለቱንም የሰበራቸው የመሬት መንሸራተት ነው። በቻይና ጉይጆ ግዛት ቺንግሎንግ ላይ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ስምንት ሰው የገደለው የጋዝ መስመርም ጥቂት ዓመታት ብቻ ያገለገለ ነበር። በሚሲሲፒ ሳታርሺያ የካቲት 22 ቀን 2020 የተሰበረው ባለ 24 ኢንች የካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመር የተሠራው በ2009 ነው፤ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ሄዶ ሁለት ቧንቧዎችን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዘውን የዙሪያ ብየዳ በጠሰው። 200 ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ፣ 45 ሰው ሐኪም ቤት ገባ።

አዲስ መስመር ለምን ይሰበራል? አንደኛው ምክንያት ግንባታው ራሱ ተዳፋቱን መረበሹ ነው። ማሽን የሚቆምበት ደረጃ ለማውጣት የተዳፋቱ ግርጌ ይቆረጣል፤ የተቆፈረው አፈር ደግሞ አናቱ ላይ ይከመራል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ከታች ድጋፍ ተነሥቶ ከላይ ሸክም ተጨመረ ማለት ነው። ቀድሞ የተበተነ የምንጭ ውሃ በቦዩ ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ የሚሆነው ይሆናል። ትርፍ አፈሩን በመኪና ጭኖ ማውጣት ውድ ነው፤ ግን ከናዳ መከላከያ ሥራዎች ሁሉ ርካሹ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ምክንያት ብየዳ ነው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኤክስ 60 ወይም ኤክስ 70 ተብሎ የሚገዛ ብረት እውነተኛ ጥንካሬው ከስሙ ከፍ ብሎ ይመጣል። ብየዳው ግን የሚጠየቀው ስሙን እንዲያሟላ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በብየዳው ዳርና ዳር ሙቀት ያገኘው ብረት ይለሰልሳል። ስለዚህ አፈር ሲስብ 12 ሜትሩ ቧንቧ አይለጠጥም፤ መለጠጡ ሁሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላት የብየዳ ቀበቶ ላይ ይከማቻል። ብረቱ ብቻውን ከ2 በመቶ በላይ መለጠጥ ሲችል መስመሩ ከ0.5 በመቶ በታች ተለጥጦ ብየዳው ላይ ሊበጠስ ይችላል። መደበኛው የብየዳ ፈተና ይህን አያሳይም፤ በራጅ ፍተሻ ንጹሕ የተባለ ብየዳም ከብረቱ ደካማ ሊሆን ይችላልና። በሚንቀሳቀስ መሬት ላይ ለሚያልፍ ክፍል የሚታዘዘው ቧንቧ ጥንካሬው ከዚህ አይነስ ብቻ ሳይሆን ከዚህ አይብለጥም መባል አለበት። የብየዳው ኤሌክትሮድ ከቧንቧው እውነተኛ ጥንካሬ የሚበልጥ፣ ሃይድሮጅኑም ዝቅተኛ የሆነ ይመረጣል። የሁለቱ ቧንቧ አፍ አለመገጣጠምም ከተለመደው ባነሰ መጠን ይገደባል። እነዚህ በቢሮ ውስጥ በጽሑፍ የሚወሰኑ ነገሮች ናቸው፤ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ የሚያስተካክላቸው የለም።

«የአላስካው ቧንቧ በ2002 በሬክተር 7.9 ተመትቶ አልፈሰሰም። ይህ የተቀበረ ቧንቧ አስተማማኝነት ማስረጃ ነው።»

እዚያ ቦታ ላይ ቧንቧው የተቀበረ አይደለም። ኅዳር 3 ቀን 2002 የዴናሊ ስንጥቅ ከቧንቧው አጠገብ 4.3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ሲፈናቀል፣ ባለ 48 ኢንቹ ቧንቧ ከመሬት በላይ በረጃጅም አግዳሚ ብረቶች ላይ፣ ቴፍሎን በተገጠመላቸው ጫማዎች ተቀምጦ ነበር። መሬቱ ከሥሩ ሲሄድ ተንሸራትቶ ተከተለው። ንድፉ የተሠራው በ1970ዎቹ ሲሆን 6.1 ሜትር የጎንና 1.5 ሜትር የቁመት እንቅስቃሴ ታስቦለት ነበር። ጂኦሎጂስቶቹ ስንጥቁ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያልፍ ስላላወቁ 580 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክልል በሙሉ እንዲህ ተሠራ። ጽሑፉ ምርጥ ምሳሌ መርጧል፤ ምሳሌው የሚመሰክረው ግን ለእኛ ነው።

«ስማርት ፒግና ሳተላይት አስቀድመው ይነግሩናል። ካልሆነም ቫልቮቹ በራሳቸው ይዘጋሉ።»

ስማርት ፒግ በቧንቧው ውስጥ የሚላክ መለኪያ መሣሪያ ነው፤ የመሬት እንቅስቃሴን በተመለከተ በተለምዶ የሚለካው መጉበጥን ነው። በተለምዶ ሪፖርት የሚደረገው 0.125 በመቶ የመጉበጥ መለጠጥ ሲገኝ ነው፤ ለባለ 610 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ ይህ ራዲየሱ 244 ሜትር የሆነ ጉብጠት ማለት ነው። ናዳው ቧንቧውን ወደ ጎን ሲገፋው ይህ በደንብ ይታያል። ከላይ ያሰላነው ናዳ ግን በቧንቧው ርዝመት የሚሄድ ነው፤ ቧንቧው ቀጥ እንዳለ ይሳባል፣ መሣሪያውም ምንም አያይም። ቀጥተኛ መሳብን የሚለኩ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ፤ ለይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። በቧንቧው ላይ የሚለጠፍ ስትሬይን ጌጅ (የመለጠጥ መለኪያ) ቢሆንም የሚነግረን ከተለጠፈበት ቀን ወዲህ ያለውን ለውጥ ብቻ ነው፤ ቧንቧው እስከዚያ ድረስ የአቅሙን ምን ያህል እንደጨረሰ አያውቅም።

የሳተላይት ራዳር በአፋር በረሃ ላይ ግሩም ይሠራል፤ መሬቱ ራቁቱን ነውና። በጫካና በእርሻ መሬት ላይ ግን ምልክቱ ይጠፋል፤ ሳተላይቶቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ እንቅስቃሴንም እምብዛም አይለዩም። ፈጥኖ የሚወርድ ናዳ ደግሞ የሁለት ምስሎችን ልዩነት አይጠብቅም። በደን ለተሸፈነ ተዳፋት የሚሻለው በየጊዜው በላይዳር (ከአየር በሚላክ የሌዘር ጨረር) መቃኘት፣ ውሃውን በፒዞሜትር (የከርሰ ምድር ውሃ ግፊት መለኪያ) መከታተል፣ ከከባድ ዝናብ በኋላም ሰው ልኮ መስመሩን በእግር ማስፈተሽ ነው። የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ካለ አደጋ በኋላ፣ ቦታው በደህና ሊደረስበት ከቻለ ጀምሮ ፍተሻው በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ያስገድዳል።

ቫልቩን በተመለከተ፣ ቫልቭ ስብራት አይከላከልም። ከስብራቱ በኋላ ይዘጋል። በሁለት ቫልቮች መካከል 30 ኪሎ ሜትር ካለ በውስጡ 70 ባር የታመቀ ከ500 ሺህ መደበኛ ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ አለ፤ ቫልቮቹ ቢዘጉም እርሱ ይወጣል፣ ይነዳል።

ጽሑፉ ጨምሮ «መንሸራተት ከታየ ግፊቱን ዜሮ አድርጎ መጠበቅ» ይመክራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግፊት መቀነስ ቢሰበር የሚመጣውን ጉዳት በእርግጥ ይቀንሳል፣ አናቱ ላይ የሚሳበውንም ክፍል ይረዳል። ግርጌው ላይ ለሚታመቀው ክፍል ግን የውስጡ ግፊት ግድግዳውን ደግፎ የያዘው ነበር። በዚያው በ2001 መመሪያ ስሌት የኛው ቧንቧ 70 ባር ሲኖረው 0.9 በመቶ ያህል እስኪታመቅ ሳይጨማደድ ይቆያል፤ ባዶ ሲሆን ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ግፊቱን ቀንሶ ቁጭ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ግፊቱ በከፊል ይቀነስና ቧንቧው ከአፈሩ እጅ ይለቀቃል፦ መጀመሪያ ከናዳው አናት ላይ ሸክም ይነሣል፤ ግርጌውን ቀድሞ የሚቆፍር ሰው የናዳውን መደገፊያ ነው የሚያነሣው። ከዚያ ቧንቧው በየክፍሉ፣ ከናዳው ወሰን አልፎ እስከ ጽኑው መሬት ድረስ ይገለጣል። ሲለቀቅ ምን ያህል እንደተመለሰ በሰርቬይ ይለካል፤ በተለጠጠው ክልል ያሉት ብየዳዎች ሁሉ በአልትራሳውንድ ይታያሉ። በመጨረሻም በልቅ አሸዋ ይሸፈናል። ናዳው ካልቆመ ይህ ሥራ ከዓመታት በኋላ ይደገማል፤ ወጪው ከመጀመሪያው መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

«መስመሩ የሚያልፈው በደረቅ ሜዳ ነው። ዝናብ ከሌለ ናዳ የለም።»

በሜዳው ላይ ናዳ እንደማይበዛ እንስማማ። ደረቅ ወንዝ ግን አለ። በ2006 ነሐሴ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ ነው፤ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እንዲህ ያለ ጎርፍ የወንዙን ወለል በሜትር የሚለካ ጥልቀት ይቦረቡራል፣ ቧንቧውንም አንጠልጥሎ ይተወዋል። ባዶው የጋዝ ቧንቧ በሜትር 140 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚገፋው የውሃ ክብደት ግን 290 ኪሎ ነው፤ ካልታሰረ ይንሳፈፋል። በመንቀጥቀጥ እንደ ፈሳሽ በሆነ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ሽቅብ የሚገፋው ከ550 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ድፍድፍ ነዳጅ የሞላ ቧንቧ እንኳ ወደ ላይ ይወጣል።

ወንዝ ምን እንደሚችል ኢኳዶር አይታለች። በ2020 የካቲት የሳን ራፋኤል ፏፏቴ ከተደረመሰ በኋላ የኮካ ወንዝ ወለሉን ወደ ላይ እየበላ ሄደ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ሁለቱን የድፍድፍ ነዳጅ መስመሮች አብሮ በጠሳቸው። መስመሮቹ ሁለት ቢሆኑም ጎን ለጎን በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስለተዘረጉ አብረው ሄዱ። በ1987 በዚያው አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ናዳ በአስር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ቧንቧ ጠራርጎ ወስዶ ነበር።

ስንጥቁን ብናነሣ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ማንኛውም መስመር አዋሽ ሲደርስ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው። ከ2024 መስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ ከርሟል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ዳባሁ ላይ በ2005 መስከረም 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። የዳባሁ ቦታ ከታሰቡት መስመሮች ውጭ ነው፤ ግን ይህ ሸለቆ ሲከፈት ምን ያህል እንደሚከፈት ያሳያል። ከላይ የተገለጸው ሰፊ ቦይ፣ ልቅ አሸዋና ጠንካራ ብየዳ ለጥቂት ሜትር እንቅስቃሴ ይበቃ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲሆን የቀረው ምርጫ እንደ አላስካው ቧንቧውን ከመሬት በላይ ማውጣት ወይም መስመሩን ማዞር ነው፤ ጽሑፉ ሁለቱንም አላነሣም።